የሌለ ጭነት

መጀመሪያ የሰማሁት የጎማ ጩኸት ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ ከቁልቁለቱ በኩል ረዘም ያለ ሲጥታ መጣ፤ ጠጠር እንደ በረዶ ግንቡን ደበደበው፤ ከዚያ ጸጥ አለ። ሮጬ ስወጣ የአጎቴ ልጅ የዴልፊና ዝቅ የተደረገች ፒክአፕ መንገዱን አግድም ዘግታዋለች፤ ፊቷ ወደ መስኖው ቦይ፣ ጭራዋ ወደ ጎረቤታችን ወደ ትራንኪሊኖ በር። ዴልፊና መሪውን እንደጨበጠች ነበረች።

ትራንኪሊኖ በሩን ተደግፎ አያት።

"ፍየል እንኳ ቂጧን እንደዚህ አትወረውርም" አላት።

አባቷ፣ አጎቴ ቤላርሚኖ፣ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ጠጠሩ ላይ የቀረውን ዱካ መረመሩ። የፊት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ወርደዋል፤ የኋለኞቹ ተንሸራተው ወደ ውጪ ተጠማዘዋል። ፍርዳቸውን እዚያው ሰጡ፤ እስከ ስቅለት ቀጥ ብላ ካልቆመች የድሮ ቁመቷ ይመለሳል። ተሳላሚዎች በእግራቸው ወደ ቺማዮ ቤተ ክርስቲያን በሚጎርፉበት መንገድ ላይ ጭራዋን የምትወረውር መኪና ከእሳቸው ግቢ አትወጣም።

ዴልፊና የፋሲካ እሁድ ለጌጥ ዝቅ የተደረጉ መኪኖች በኤስፓኞላ ከተማ ዋና መንገድ እየተንቀረፈፉ ሲያልፉ ከልጅነቷ ጀምሮ ዳር ቆማ ነው ያየችው። ዘንድሮ በመኪናው መስኮት ውስጥ ሆና ልታልፍ ነበር። ቁመቷ የተመለሰ ፒክአፕ ይዞ እዚያ መሄድ ደግሞ በቤት ልብስ ሰርግ እንደመሄድ ነው።

ክረምቱን በሙሉ ፒክአፗን ዝቅ ያደረገቻት በአባቷ ዘመን ወግ ነበር፤ ከኋላ የሲሚንቶ ከረጢት ደርድራ። ያኔ ፍሬኗ እንከን አልነበረውም። በረዶው ሲቀልጥ ከረጢቶቹን አራግፋ፣ በባሌስትራው ሞላና ከበላዩ ባለው የኋላ ዲፍረንሻል መሃል አራት ጣት የሚሆን ብረት አስገብታ በዚያው ዝቅታዋ አቆየቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭራዋ አመል አወጣች።

የፍሬን ሸራ ቀየርን። ታምቡሩን አስጠረግን። ከመስመሩ አየር አወጣን። ያው ናት። አጎቴ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ከረጢቱ ምን አደረገሽ ይሏታል፤ እሷ ከመኪናው ስር ብሎን ማጥበቋን ትቀጥላለች።

አንድ ቅዳሜ ለአክስታችን ማገዶ ልናመጣ ተራራ ወጣን። እንጨቱን እስከ አፍ ሞልተን ስንመለስ፣ እኔ በመስኮት ደመና እያየሁ፣ ከጥዱ መሃል አጋዘን ዘለለች። ዴልፊና ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሏ ረገጠችው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው በመስመራችን ላይ ቀጥ ብለን ቆመናል፤ አጋዘኗም ቆማ ታየናለች።

"ስትጭን ጨዋ ናት" አለች ዴልፊና፣ ለራሷ።

ቤት ስንደርስ እንጨቱን ሳናወርድ ከፒክአፗ ስር ገባች። እኔም አጠገቧ ተጋደምኩ። ከዲፍረንሻሉ ተነስታ ሻንሲው ላይ ወደ ተሰካች ትንሽ ቫልቭ የምትወጣ ቀጭን ዘንግ በጣቷ አሳየችኝ። ጭነት ሲኖር መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ዘንጓ ቫልቩን ትገፋለች፤ ቫልቩም ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይለቃል። ጭነት ሲወርድ መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ ቫልቩም ይሰስታል። እኛ ግን ያለ ጭነት፣ በብረት ዝቅ አድርገናታል፤ ዘንጓ እንደገፋች ቀርታለች። ባዶ ጀርባ ላይ የሙሉ ጭነት ፍሬን።

"ከረጢቶቹን አሁንም የተሸከመች ይመስላታል" አለችኝ። "አራግፈናታል፤ ግን ማንም አልነገራትም።"

እዚያው በጀርባችን ተኝተን እስኪያመን ሳቅን። ዘንጓን ባስገባችው ብረት ውፍረት ልክ ቆርጣ በየደቻት። እንጨቱን አወረድን። ቁልቁለቱ ላይ መጀመሪያ በቀስታ፣ ኋላ ጠንከር አድርጋ ብቻዋን ሞከረችው። ከዚያ አባቷን ልትጠራ ሄደች።

አጎቴ በተረከዛቸው ጠጠሩ ላይ መስመር አሰመሩ። ዴልፊና ከላይ ለቀቀቻት፤ መስመሩ ላይ ስትደርስ ረገጠች። ፒክአፗ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ፣ ጠጠሩን አንዴ ፈጭታ፣ ቀጥ አለች። አጎቴ ድገሚው አሉ። ደገመችው። ፍጥነት ጨምሪ አሉ። ጨመረች፤ ትራንኪሊኖ ከበሩ ላይ ዘሎ ወደ ውስጥ ገባ፤ እሷ ግን በክር እንደተጎተተች ወርዳ ቆመች።

አጎቴ ተንበረከኩ፤ ዱካውን በእጃቸው ዳሰሱ።

"የማየው ሁለት መስመር ነው። የቀሩት ሁለት ጎማዎች የት ገቡ?"

"የኋለኞቹ የፊተኞቹን ዱካ እየረገጡ ነው፣ አባዬ" አለች ዴልፊና። "ይመልከቱት እስኪ።"

ደግመው አዩት። ትራንኪሊኖ በሩን መልሶ ከፍቶ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ዴልፊና ከመኪናው ወርዳ ወገቧን ይዛ ቆመች፤ ፊቷ በአቧራ ተለውሶ ጥርሷ ብቻ ያበራል።

አጎቴ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሱ። በአጠገቧ አለፉና በሹፌሩ በር ገቡ። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉት። መስኮቱን አወረዱ፤ ክርናቸውን አወጡ። ዴልፊና ወዴት ነው ብላ ጠየቀቻቸው። ሞተሩን አስነሱና እንደ ፋሲካዎቹ መኪኖች በእግረኛ ፍጥነት፣ መሬት ለመሬት፣ ወደ ኤስፓኞላ መንገድ ሄዱ።