ሥር የሌላቸው ወይራዎች

አትክልተኛው በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ ዓይነት መሐንዲስ አይቷል፤ እንደዚህኛው ያለ ባዶ ግን አልገጠመውም። ሰውዬው መኪና ይደረደርበት የነበረውን የመንገድ ጠርዝ የእግረኛ መናፈሻ አደርጋለሁ ብሎ ተነሣ። ይሁን፣ ደግ ሐሳብ ነው። ግን አስፋልቱን ፈንቅሎ ማንሣት ሲገባው፣ ላዩ ላይ አንድ ስንዝር አፈር ደፍቶ ዙሪያውን በድንጋይ ከበበው። ዓይን አውጣ!

«ጋሼ፣ እነዚያን ዘጠኝ ወይራዎች አምጣቸው። ሐሙስ ይመረቃል» አለው።

ወይራዎቹን አትክልተኛው ከፍሬ አብቅሎ ስድስት ዓመት በችግኝ ጣቢያው አሳድጓቸዋል። ሚስቱ «ያገባኸው እኔን ነው እነሱን?» እያለች ትቀልድበታለች።

«ሥራቸው የት ይግባ? ከታች እኮ አስፋልት ነው።»

«ሥር ማን ያያል ጋሼ? አንተ ብቻ ትከል።»

ይኼ ሰው እንኳን ዛፍ፣ ሽንኩርት ተክሎ አያውቅም። ደጋግሞ ቢነግረውም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንግዲያው የሚገባውን ልስጠው ብሎ፣ ረቡዕ ዕለት ከአንድ ያረጀ ወይራ ላይ ዘጠኝ ቅርንጫፍ ቆርጦ አፈሩ ውስጥ ቸከለና በእንጨት ደገፋቸው። የራሱን ወይራዎች ከችግኝ ጣቢያው ንቅንቅ አላደረጋቸውም።

ሐሙስ ሪባኑ ተቆረጠ። መሐንዲሱ አንዱን ቅርንጫፍ እየደባበሰ ለአለቆቹ «አያችሁ፣ ገና ካሁኑ ሥር ይዘዋል!» አለ። አለቆቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አትክልተኛው ከኋላ ቆሞ ሳቁን በሳል ሸፈነ። እነዚህ ሰዎች መጥረጊያ ቢተከልላቸውም ያጨበጭባሉ። እዩኝ እዩኝ ማለት ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል ብሎ የሚደርቁበትን ቀን ይጠብቅ ጀመር።

በሁለተኛው ሳምንት የመሐንዲሱን ውርደት ሊያይ ሄደ። ቅጠሉ ተጠቅልሏል፤ ደስ አለው። በመናፈሻው አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት አሮጊት ባዶ ጆግ አጠገባቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«የዚህ ሠራተኛ ነህ ልጄ?» አሉት የሥራ ልብሱን አይተው። «ይኼኛው ጠወለገብኝ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጆግ አወርድለታለሁ። አብዝቼበት ይሆን?»

«ከየት ነው የሚያወርዱት?»

«ከዚያ፣ ከሦስተኛ ፎቅ። መኪና ብቻ በነበረ ጊዜ መቀመጫ ስለሌለ ከቤት አልወጣም ነበር። አሁን እሱን ላጠጣ ብዬ እወርዳለሁ፤ ጉልበቴም ለመደው። ልጄ፣ እኔ ነኝ እንዴ የገደልኩት?»

አትክልተኛው መሐንዲሱን ሲንቅ ሰንብቶ፣ ለካ እሱም እዚህ ማን እንደሚቀመጥ አስቦ አያውቅም። እንደዚያን ቀን ራሱን ንቆ አያውቅም።

«የለም እማማ፣ ጥፋቱ የተከለው ሰው ነው።»

«እሱስ ምን ያድርግ፣ የቻለውን ነው» አሉ።

በማግስቱ ማለዳ በችግኝ ጣቢያው ካሉት ዘጠኝ ወይራዎቹ ትልቁን ከነአፈሩ በጋሪ ጭኖ፣ ድጅኖ ይዞ መጣ። ደረቁን ቅርንጫፍ ነቅሎ አፈሩን ጠረገና አስፋልቱን ይወቃው ገባ። በሦስተኛው ምት ላይ የሦስተኛው ፎቅ መስኮት ተከፈተ።

«እማማ፣ ጆጉን ሞልተው ቀስ ብለው ይውረዱ!» አለ ወደ ላይ እየጮኸ። «እስኪደርሱ እጨርሳለሁ!»