ውሃው መውጫ ያጣበት ግቢ

ጡረተኛው ሹፌር ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲያማ የኖረ ሰው ነው። አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር የመንገድ ሠሪዎቹን ዘር ማንዘር እየጠራ ይራገም ነበር። ጡረታ ሲወጣ ታዲያ ከውጭው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ የሚወርደውን ቁልቁለት አስፋልት አስነጠፈ። ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ «እስቲ አሁን ማን አባቱ ነው የሚያንገጫግጨኝ!» እያለ አሳየ።

አስፋልቱ ጥቂት ክረምት ቻለ። ከዚያ አንዲት ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየችበት። ስንጥቋ ሌላ ስንጥቅ ወለደች፤ የልጅ ልጅም አየች። መሐሉ እንደ አዞ ቆዳ ሆኖ እዚህም እዚያም ሰረጎደና ውሃ አቆረ። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ አሠራው» ቢሉት፣ «ትንሽ ውሃ ነው፣ በጋ ሲገባ ይደርቃል» እያለ ከረመ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ነገሩ የከፋው ባለቤቱ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ ነው። ተጠግኖላት በአራት እግር የብረት መደገፊያ መራመድ ጀመረች፤ ግን እግሯን የሚያሠሯት ክሊኒክ መመላለስ አለባት። ሹፌሩ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ መሪ አይጨብጥም። የታክሲ ነጂዎቹ ደግሞ በሩ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩና «እማማ፣ የመኪናዬን ሆድ አላስቀድድም» ይላሉ። ስለዚህ መደገፊያዋን እያነሳች እየጣለች፣ እሱ ክንዷን ይዞ፣ ያንን ቁልቁለት በእግሯ ትወጣዋለች።

«ዕድሜ ልክህን የመንግሥትን መንገድ ስትረግም ኖርክ» አለችው አንድ ቀን መሐል ላይ ቆማ ትንፋሿን እየሰበሰበች። «በል እንግዲህ፣ የራስህንም እርገምልኝ።»

ሳቀ። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደውም።

በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ሬንጁ» የሚለውን አስፋልት አንጣፊ ጠራው። ሬንጁ መጥቶ ቁጢጥ አለና ከአስፋልቱ አንዱን ቁራጭ በጣቱ እንደ ዳቦ ቅርፊት አነሳው። ዝናብ ካባራ ሰንብቷል፤ ከሥሩ ግን ውሃ ቀስ ብሎ ሞላ።

«ጋሼ፣ ይሄ አስፋልት አርጅቶ አይደለም። ሰምጦ ነው የሞተው።»

«እና ምን ይሻላል?»

«መጀመሪያ ውሃው መውጫ ያግኝ። አለዚያ እኔ ከላይ ብለብጠው እሱ ከታች ይበላዋል።» ቁልቁል ወደ አጥሩ ጠቆመ። «ያ ታች ያለው ግቢ የማን ነው?»

«የታናሽ ወንድሜ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? በእሱ በኩል ቦይ እንቀድዳለን፣ አለቀ።»

ሹፌሩ ደስ አለው። ወንድሙን አባታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገው እሱ ነው፤ ልብስ ስፌት ያስተማረውም፣ የአባታቸውን ቦታ ለሁለት ከፍሎ ቤት እንዲሠራ የገፋፋውም እሱ። ያን ሰው ለአንድ ቦይ ይለምነዋል እንዴ? ይነግረዋል እንጂ።

ሄዶ ነገረው። ልብስ ሰፊው መቀሱን አስቀመጠ። «ና እስቲ ጋሼ» ብሎ ወደ ጓዳው የስፌት ክፍል ይዞት ገባ። የጨርቅ ጥቅሉ ሁሉ ከወለል ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ረጥቦ ቀለሙ ተላጧል፤ ከማዕዘኑ ጀምሮ ወደ ላይ የሚሄድ ስንጥቅ አለ።

«እጅህን አስገባ።»

ሹፌሩ አራት ጣቶቹን አስገባ። ሲያወጣቸው እርጥብ ነበሩ።

«ይሄ ካንተ ግቢ ሰርጎ የሚመጣው ብቻ ነው» አለ ወንድሙ። «ከበታቼ ደግሞ የመጋዘኑ ግንብ አለ፣ ውሃ አያሳልፍም። ቦዩን ቆፍር ካልከኝ ቆፍር። አባቴም ወንድሜም አንተ ነህ፤ አፌን ሞልቼ እምቢ አልልህም። ግን ቤቱ ይወድቃል፣ ጋሼ።»

«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርገው ነበር?»

ሹፌሩ የቀረበለትን ሻይ ሳይጨርስ ወጣ።

ከታች እንዳልሆነ ሲያውቅ ወደ ላይ ወጣ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቅ ፎቅ ከተሠራ ወዲህ ነው ውሃው የበዛው። ግቢው ጥግ ከጥግ ሲሚንቶ ለብሷልና የዘነበበት ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ መንገዱን ያቋርጥና በሹፌሩ በር ይገባል። የፎቁን ባለቤት ፈልጎ ሄደ፤ ያገኘው ጠባቂውን ነው።

«ባለቤቱ ሌላ አገር ነው ያሉት» አለ ጠባቂው በትሕትና። «እኔ የምጠብቀው ፎቁን ነው፣ አባቴ። ውሃ ጠብቅ አላሉኝም።»

ማዘጋጃ ቤትም ሄደ። አንድ መሐንዲስ በእርግጥ መጣ፤ አየ፤ ከልቡም አዘነ። መንገዱ ዳር ቦይ እንደሚሠራ፣ በዕቅድ እንደተያዘ ነገረው። «መቼ?» ቢለው ዓይኑን ወደ ጫማው መለሰ።

ሬንጁ ሌላ ዘዴ አመጣ። «ጉድጓድ ቆፍረን ድንጋይ እንሙላበት፤ መሬቱ ከጠጣልን ገላገለን።» ቆፈሩ። ዶማው ከሰው ቁመት ሳያልፍ ጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ደረሰ። ለሙከራ ሁለት በርሜል ውሃ ደፉበት። ጠዋት ሲያዩት ውሃው እንዳለ ተኝቷል፤ ሰማዩ ይታይበታል።

የሹፌሩ ባለቤት በመስኮት አየችው። «ቢያንስ ዓሣ እናርባበት» አለች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሹፌሩ ሬንጁን «ዝም ብለህ አንጥፍልኝ» አለው።

«አነጥፋለሁ ጋሼ፣ ሥራዬ ነው። ግን ይቆያል ብለህ ማል ካሉኝ አልምልም።»

«ማል አላልኩህም።»

አሮጌው ተነቅሎ ወጣ። ጠጠር ተሞላ፣ ተደመደመ፤ ትኩስ አስፋልት እየጨሰ ተደፋ፤ ትንሿ ሮለር ስትወጣ ስትወርድ ዋለች። በበሩ አፍም ውሃ እንዲመልስ ከፍ ያለ ጉብታ ሠሩለት። ሲበርድ ባለቤቱ መደገፊያዋን ይዛ ወጣች። የብረቱ እግሮች አልተሰነቀሩም፣ አልተንሻፈፉም። ክንዷን ሊይዛት ሲል «ተወኝ» ብላው ብቻዋን እስከ በሩ ደረሰች፤ ዞራም ተመለሰች። ሹፌሩ አፉን በእጁ ሸፍኖ ቆሞ ያያት ነበር። ለጥቂት ሳምንት ታክሲ ደጃፋቸው ድረስ ገባ።

ከዚያ ክረምቱ መጣ።

ያን ቀን እሷ ክሊኒክ ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ባንድ ጊዜ ተደፋ። ሹፌሩ የዝናብ ካፖርቱን ደርቦ በአሸዋ የተሞሉ ከረጢቶች በሩ ላይ ደረደረ። ውሃው ከፎቁ ወርዶ መንገዱን ሞልቶ መጣ፤ ጉብታው ጋ ሲደርስ ትንሽ እንደማሰብ አለና ዘለለው። ሹፌሩ ከረጢት ሲጨምር በዚያኛው ጎን ይገባል፤ ወደዚያ ሲሮጥ በዚህኛው። በመጨረሻ ከላይ የሚመጣውን ማየት ትቶ እግሩ ሥር ያለውን አየ። አዲሱ አስፋልት መሐሉ ላይ አብጧል። ረገጥ ቢያደርገው እንደ ፍራሽ ሰጠመለት፤ በጠርዙ በኩልም ጭቃ ተፋ። እያየው አንድ ጠረጴዛ የሚያህል ቁራጭ ከቦታው ተንሸራተተ። እጁን ዘረጋ፤ ግን ምኑን ይይዘዋል?

ታክሲው በሩ ላይ የቆመው በዚህ መሐል ነው። ነጂው ቁልቁል አየና ሞተሩን አጠፋ። ሴትየዋ ከኋላ መቀመጫ ሆና በእጇ መዳፍ የመስኮቱን ጉም ጠርጋ ባሏን ተመለከተችው። እሱም ተመለከታት። በመሐላቸው የሚፈሰው ውሃ ቁርጭምጭሚት ያልፋል። ዱሮ ቢሆን አዝሏት ይሻገር ነበር፤ ዛሬ ወገቡ የራሱንም ክብደት አይችልም።

ከታች ልብስ ሰፊው የእንጨት ወንበር ተሸክሞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መጣ። የሜትር ገመዱ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው።

«እትዬ፣ እዚህ ላይ ተቀመጪ።»

«ዋርሳዬ፣ ትጥለኝና ሌላኛውን ዳሌዬን ትሰብረዋለህ።»

«ብጥልሽም ውሃ ላይ ነው፣ አይዞሽ።»

እሱና ታክሲ ነጂው ወንበሩን ግራና ቀኝ አንሥተው አወረዷት። «ሙሽራ ሆንኩላችሁ» ብላ ሳቀች፤ ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርድ ነበር። ሹፌሩ መደገፊያዋን ታቅፎ ከኋላ ከኋላ ተከተለ። ሌላ የሚያደርገው አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ልጃቸው መጥታ እናቷን ወሰደቻት። የልጅቷ ቤት ደልዳላ መሬት ላይ ነው፤ ደረጃም ውሃም የለበትም። ስትሄድ ባለቤቱ በሩ ላይ ቆም አለች። «ክረምቱ እስኪወጣ ነው» አለችው። ሁለቱም ግን ክረምት ወጥቶ ተመልሶ እንደሚገባ ያውቃሉ።

«አባዬ፣ አንተስ ምን ትሠራለህ እዚህ? አብረኸን ና» አለች ልጁ።

እሱም ለመሄድ ልብሱን ሰብስቦ ነበር። ሌሊት ዘንቦ ያነጋ ዕለት ግን በዚያ በከንቱ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሞላውን ውሃ በባልዲ እየቀዳ ወደ መንገዱ ሲደፋ፣ ወንድሙ በአጥሩ በኩል ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ግድግዳዬ ትንሽ ሻል ብሎታል። አንተ ስለምትቀዳው ይሆን?»

ይሁን አይሁን ሹፌሩ አያውቅም። ግን ልብሱን ከሻንጣው አወጣና መልሶ ሰቀለው።

አሁን ዝናብ ባለ ቀን ሁሉ ይቀዳል። መንገዱ ላይ የደፋው ውሃ ገሚሱ ተመልሶ በበሩ እንደሚገባ ያያል፤ ቢሆንም ይቀዳል። አንዳንዴ ወንድሙ ስፌቱን ትቶ ያግዘዋል። ሬንጁ አንድ ቀን በዚያ ሲያልፍ ቆሞ አያቸውና ባርኔጣውን አውልቆ እንደ ለቅሶ ቤት አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

አመሻሹ ላይ ባለቤቱ ትደውላለች።

«ዘነበ?»

«ዘነበ።»

«አስፋልቱስ?»

«የላይኛው ገሚስ ሄደ። የቀረው አለ።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

ከዚያ ዛሬ ያለ መደገፊያ ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ መሄዷን፣ ልጃቸው የቀጠረችላት አስታማሚ እንዳጨበጨበችላት ትነግረዋለች። እሱም ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ፣ እርጥብ ካልሲውን በሌላው እጁ እያወለቀ፣ «እስቲ ድገሚልኝ፣ ከየት እስከ የት?» ይላታል።