ሦስት ጊዜ ማክሰን

ዓይኔ ጤነኛ ነው። በሃምሳ አንድ ዓመቴ ያለ ችግር መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ፤ በማዶው ኮረብታ ላይ የሚግጡትን በጎች ከኩሽናዬ መስኮት ሆኜ እለያቸዋለሁ። ልጄ ማክሰን ግን ሦስት መነጽር ገዝቶልኛል። «እማ፣ ይቺን ደብዳቤ እያት እስቲ» ባለኝ ቁጥር «መነጽሬን የት እንዳስቀመጥኩት እንጃ፤ አንተው አንብባት» ስለምለው ነው።

ማንበብ አልችልም ነበር። እናቴ ስትታመም ታናናሾቼን ለማሳደግ ከትምህርት ቤት ቀረሁ። ስመለስ እኩዮቼ ጥለውኝ ሄደዋል፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ የተማርኩት ዝም ማለትን ብቻ ነው። ይህን የሚያውቀው ባለቤቴ ግዊሊም ብቻ ነበር። ከድንጋይ ከሰሉ ጉድጓድ ሲመለስ ኮቱን ሳያወልቅ የመጣውን ወረቀት ሁሉ ያነብልኛል። የማክሰንን የትምህርት ቤት ውጤት እንኳ በሹክሹክታ ይነግረኝና፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ልጁን እጠራና «ሒሳብ ላይ ምን ነካህ?» ብዬ እቆጣለሁ።

ግዊሊም በሞተ በዓመቱ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት በቤተ መጻሕፍቱ ለአዋቂዎች ትምህርት እንደሚሰጥ ሰማሁ። በጓሮ በር ገብቼ ተመዘገብኩ። ለማክሰን ቤተ ጸሎቱን ላጸዳ እሄዳለሁ አልኩት። መምህርታችን ኖን ትባላለች፤ ዕድሜዋ ከልጄ አይበልጥም፣ ግን «ወይዘሮ ኤርሊስ» እያለች በአክብሮት ነው የምትጠራኝ። በስድስት ወር ውስጥ ትልልቁን ፊደል ለየሁ። ያለ ማንም እርዳታ የምጽፈው ግን ሁለት ስም ብቻ ነበር፤ የራሴንና የልጄን።

ማክሰን በሸለቋችን ትልቁ ክለብ ራግቢ ይጫወታል፤ እንጀራው ነው። ቦታው ከፊት ረድፍ ነው፤ ስምንቱ ተቃቅፈው ከሌሎች ስምንት ጋር አንገት ለአንገት ሲገፋፉ መሃል የሚገኘው እሱ ነው። ጆሮው እንደ ተጨማደደ ጎመን ሆኗል። እኛ አገር እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ሥጋ ሻጩም ቄሱም በስሙ ይጠራዋል።

በመጋቢት ወር ማክሰን ለሁለት ሳምንት ልምምድ ከክለቡ ጋር ወደ ሰሜን ሄደ። በዚያው ሰሞን ኖን የቤት ሥራ ሰጠችን። «በዚህ ሳምንት በበራችሁ ከሚገባው ወረቀት አንዱን ራሳችሁ አንብቡ። መልስ የሚፈልግ ከሆነም ራሳችሁ መልሱ» አለች።

ለእኔ የሚመጣ ደብዳቤ የለም። ረቡዕ ዕለት ግን ሞላላ ኳስ የታተመበት ፖስታ መጣ። በላዩ ላይ «ማክሰን ቤቫን» የሚለውን ገና ከምንጣፉ ሳላነሳው አነበብኩት። እንዲህ በአንድ ጊዜ፣ ሳልቆጥር፣ ፊደል ሳልለቅም አንብቤ አላውቅም ነበር። የሰው ፖስታ መክፈት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ከፈትኩት።

አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። «የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች። ሦስት ስም ይጻፉ።» ከሥሩ ሦስት መስመር፤ ከዚያም በታች ደቃቅ ጽሑፍ። ደቃቁን ተውኩት። ኖን «ትልልቁን ከያዛችሁ ደቃቁ ይከተላል» ትለን የለ? እኔ የመሰለኝ ጋዜጣ ላይ እንደሚወጣው፣ ሰው ሁሉ የሚሳተፍበት ነገር ነው። እናት ለልጇ ድምፅ ብትሰጥ ማን ምን ይላታል? ምላሴን ነክሼ በመጀመሪያው መስመር ማክሰን ቤቫን ብዬ ጻፍኩ። ሁለተኛው መስመር ባዶ ሲሆን አላስቻለኝም። የማውቀው ሌላ ስም የራሴ ብቻ ነው። እንደገና ማክሰን ቤቫን። ሦስተኛውም ላይ እንዲሁ። ወረቀቱን ተጭኜ ስለጻፍኩ በጀርባው በኩል በጣት ይዳሰስ ነበር። አብሮት በመጣው የመመለሻ ፖስታ ውስጥ አድርጌ መንገዱ ጥግ ላይ ካለው የፖስታ ሳጥን ከተትኩት።

ሐሙስ ዕለት ክፍል ውስጥ ስናገር አጨበጨቡልኝ።

ከወር በኋላ ከባሕር ዳርቻው ክለብ ጋር እዚሁ ሜዳችን ጨዋታ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ በስተደቡብ በኩል ተቀምጫለሁ። ሁለቱ ቡድኖች ሊገፋፉ ሲያጎነብሱ፣ ከማክሰን ጋር ግንባር ለግንባር የሚገጥመው ቲዲር የሚባለው ግዙፍ አንድ ነገር አለው፤ የነሱ ወገን በሙሉ ሳቀ። ከዚያ ከማዶ ደጋፊዎቻቸው ሦስት ጣት እያነሱ ጀመሩ።

«አንደኛ ማን ነው?»

«ማክሰን!»

«ሁለተኛስ?»

«ማክሰን!»

«ሦስተኛ?»

«ራሱ ማክሰን!»

አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ምን እንደሚሉ ጠየቅኳት። ማን እንደሆንኩ አታውቅም። «አልሰማሽም እንዴ? ተጫዋቾቹ የሙያ ጓደኛቸውን የሚመርጡበት ሽልማት የለም? ያ ጉረኛ ሦስቱም ቦታ ላይ የራሱን ስም ጻፈ! ድምፁን የቆጠሩት ናቸው ያወሩት። እናቱ ምን ብላ ነው ያሳደገችው?» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለው ሻይ ቀዘቀዘ። እስከ መጨረሻው አልተነሳሁም።

ማክሰን ቤት ሲገባ ካውል ሾርባው ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልነካውም። ከቦርሳው ትንሽ የእጅ መስታወት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

«ይቺን ልብስ መስቀያዬ ላይ ሰቅለውልኝ አገኘሁ» አለ። «የራሳችን ልጆች፣ እማ። የቲዲር ቢሆን ባልከፋኝ።»

«ምን አደረግክና?»

«ምንም! ወረቀቱን በዓይኔም አላየሁት!» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ዛሬ ነው የተጫዋቾች ማኅበሩ የመለሰልኝ። ውድቅ ሆኗል። ማንም ራሱን ወይም የክለቡን ልጅ መጻፍ እንደማይችል እዚሁ ከታች ተጽፏል። ዋንጫ ክለብ ይሰጥሃል፣ ገንዘብ ይሰጡሃል፤ ይህን ግን የሚሰጥህ ጆሮህን የነከሰህ ሰውዬ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም የሚመኘው። አሁን በየሜዳው የእኔ ስም መሳቂያ ሆነ።» ወረቀቱን ዘረጋው። «ጽሕፈቱን እይው እስቲ! ይህ የሰው ነው? የአምስት ዓመት ሕፃን የጻፈው ይመስላል። ሆነ ብሎ ነው እንዲህ ያንሻፈፈው፣ መሃይም ነው ሊያስብለኝ።»

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። ፊደሎቼ አፍጥጠው አዩኝ።

«መነጽሬን…» አልኩ።

«ተይው። ያን ሰሞን ማን መጣ? ኢፎር ከእኛ ዘግይቶ ሲነሳ ጫማዬን ሊወስድልኝ መጥቶ ነበር አይደል?»

ኢፎር ከልጅነቱ ጀምሮ ከማክሰን ጋር በእኔው ጠረጴዛ ላይ እየበላ ያደገ ልጅ ነው፤ አሁንም በአንድ ክለብ ይጫወታሉ። ቀልድ ይወዳል። አንዴ የአሰልጣኙን ኮፍያ በዱቄት ሞልቶት ነበር።

«መጥቶ ነበር» አልኩ።

እውነት ነው፤ መጥቶ ነበር። ግን በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የከፋው ይህ እውነት ነው።

ሰኞ ዕለት ልምምድ ላይ ማክሰን ኢፎርን ፊቱን መታው። ይህን የሰማሁት ከሥጋ ሻጩ ነው። ማክሰኞ ወደ ትምህርቴ አልሄድኩም፤ ረቡዕ ደግሞ ኢፎር ራሱ በሬን አንኳኳ። ቅንድቡ ላይ አራት ስፌት አለ። ዝናብ እየመታው አልገባም አለኝ።

«እትዬ ኤርሊስ፣ ያን ቀን ጫማውን ከእጅዎ ነው የተቀበልኩት። ይህን ምንጣፍ እንኳ አልረገጥኩም። አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነህ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይንገሩልኝ። እኔ ስለው አይሰማም። ኻያ ዓመት አብረን አድገን በቡጢ ነው እንዴ የምንለያየው? ደግሞ እኔ ብቀልድ ኖሮ ጽሕፈቴን ይህን ያህል አላበላሸውም፤ ክብር አለኝ!» ሊስቅ ሞከረ፤ ስፌቱ አመመው።

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

ያን ቀን ማክሰን ሲመጣ ድንች ላጥኩ፣ ጠረጴዛ ወለወልኩ፣ ስለ ዝናቡ አወራሁ። አልነገርኩትም። ወረቀቱን ጻፍኩ ለማለት ማንበብ አልችልም ማለት ነበረብኝ፤ ያን ለማለት ደግሞ ኻያ አምስት ዓመት ሙሉ በመነጽር ስቀልድበት ኖርኩ ማለት ነበረብኝ። እናት ልጇን ከነገር ትከልላለች ይባላል። እኔ ልጄን ከፊቴ አቁሜ ራሴን ከለልኩበት። ያንንም እያወቅኩ፣ ድንቹ በዝቶ እስኪተርፍ ድረስ ላጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ኖን «ወይዘሮ ኤርሊስ፣ ለዚያ ደብዳቤ መልስ መጣልዎ?» አለችኝ፣ ፊቷ በደስታ እየበራ። አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ልጅቷ ደነገጠች፤ የቤት ሥራውን የሰጠችው እሷ ናትና ጥፋቱን ልትካፈለኝ ፈለገች። አልተቀበልኳትም።

«እኔ ደብዳቤ ልጻፍልዎ? ለክለቡም፣ ለማኅበሩም» አለች።

ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል አንድ ነገር መጣልኝ። «አይሆንም» አልኳት። «ባንቺ ጽሕፈት ማን ያምነኛል? በዚያው በእኔ ጽሕፈት መሆን አለበት።»

የማላውቃቸውን ቃላት ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፈችልኝ። እኔ ቀዳሁ። ስምንት መስመር ጽፌ ስጨርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ወደ ሜዳው ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ የግዊሊም የሥራ ባልደረባ ስለነበር መልበሻ ክፍሉ ድረስ አስገባኝ። በሩን ስከፍት የጡንቻ ቅባትና የላብ ሽታ ተቀበለኝ፤ እነዚያ ሁሉ ግዙፎች ፎጣ ፍለጋ እርስ በርስ ተጋጩ።

«ኧረ እናት ገባች! ሱሪዬን!»

«እማ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለ ማክሰን። ኢፎር ከሌላው ጥግ ጀርባውን ሰጥቶት ተቀምጦ ነበር።

«ላነብላችሁ ነው» አልኩ። ወረቀቱን ዘረጋሁ። ጣቴን ከቃሉ ሥር አድርጌ፣ ልክ በክፍል እንደማደርገው፣ አነበብኩ።

«እኔ ኤርሊስ ቤቫን ነኝ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማክሰን አላየውም። ኢፎር አልነካውም። ከታች ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ማንበብ አልቻልኩም። ሌላ ስም መጻፍ አልችልም ነበር። ማንበብ ገና እየተማርኩ ነው። ልጄ ሲዋረድ እያየሁ ዝም አልኩ።»

ለማንበብ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። «ሲዋረድ» የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ ተሰናከልኩ። ማንም ሹክ ብሎ አልረዳኝም፤ ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወረቀቱን መስታወቱ ተሰቅሎበት በነበረው መስቀያ ላይ ወጋሁት። አምበሉ ቀረብ ብሎ ጽሕፈቱን አየና ራሱን ነቀነቀ። ያው ፊደል ነው፤ ማኅበሩ ከመለሰው ወረቀት ጋር ማስተያየት እንኳ አላስፈለገም።

ከሁሉ ቀድሞ የተናገረው ኢፎር ነው። «እትዬ ኤርሊስ፣ የኔ እናት ደቃቁንም ትልቁንም ታነባለች፤ እስካሁን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልመረጠችኝም።»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። አንዱ «እኔንስ ማን ይመርጠኛል?» አለ። ማክሰን ግን አልሳቀም። ኢፎር ፊት ሄዶ ቆመ፣ ቅንድቡን አየ፣ ግንባሩን ከግንባሩ አገናኘ፤ ኢፎርም ማጅራቱን ያዝ አደረገው። ከዚያ ማክሰን ኮቴን ከወንበሩ አንስቶ አለበሰኝ።

መኪና ውስጥ ገባን። ዝናቡ መስታወቱን ይመታል።

«ያ ሁሉ መነጽር» አለ።

«አዎ።»

«የትምህርት ቤት ውጤቴስ?»

«አባትህ ነው የሚያነብልኝ።»

ትንሽ ከነዳ በኋላ መኪናውን ዳር አስያዘ። «የአምስት ዓመት ሕፃን ነው የጻፈው ስል ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ነበር።»

«እሱ ምንም አይደል።»

«ኢፎርን መታው ሲሉሽስ? እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«እያወቅኩ ነው።»

መኪናውን እንደገና አስነሳ። እኔም ይቅር በለኝ ብዬ አልተጫንኩትም፤ ይቅርታውን በፈለገ ጊዜ የሚሰጠው እሱ ነው። ቤት ስንደርስ ሻይ አፈላልኝ፤ ጠጣን። ብዙ ሳምንት በሁለታችን መካከል እንግዳ እንዳለ ሆነን ኖርን። ለማኅበሩም ስምንቱን መስመር ገልብጬ ላክሁ። ሽልማቱን በዚያ ዓመት ቲዲር ወሰደ። በየሜዳው ሦስት ጣት ማንሳቱ እስከ ወቅቱ መጨረሻ አልቆመም፤ ወሬ ከመንደር ወደ መንደር የሚሄደውን ያህል እውነት አይሄድም። ማክሰን በሰማው ቁጥር ዝም ብሎ ይገፋል። እኔ ደግሞ በሰማሁት ቁጥር አንገቴን እደፋለሁ። ከመቀመጫዬ ግን አልቀረሁም።

በሚቀጥለው መጋቢት ፖስታው መጣ። ሳልነካው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ከፊቱ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፤ ድስቱ አረረብኝ። ማክሰን ገብቶ አየኝና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፖስታውን ቀዶ ወረቀቱን ሰጠኝ።

«ያንተ እኮ ነው» አልኩት።

«ደቃቁን አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት፤ ቀስ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ነጥብ። እሱም እስክሪብቶውን አንስቶ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፈ። ስሙን አነበብኩትና ደነገጥኩ።

«ቲዲርን? ያን ሁሉ ስቆብህ?»

«ይገፋል፣ እማ። ምን ላድርገው? ከሱ የተሻለ የሚገፋ የለም።»

ሦስቱንም ጻፈ፤ ሦስት የተለያዩ ሰዎች። እስከ ጥጉ ሳጥን ድረስ አብረን ሄድን። ጃንጥላውን እኔ ያዝኩ፤ ፖስታውን የከተተው እሱ ነው።