ለዘጠኝ ሰከንድ የታየው ሰው

የዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ በኢሜይል የደረሰው ረፋድ ላይ፣ እናቱ ደጅ ልብስ ስታሰጣ ነው። «በፈተናው አርባ አንደኛ ደቂቃ ላይ፣ በክፍልዎ ውስጥ ለዘጠኝ ሰከንድ ሁለተኛ ሰው ታይቷል» ይላል። ከሥሩ የሚፈረምበት ቅጽ ተያይዟል፤ ያለውም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «በክፍሉ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ማንም አልረዳኝም።» በሦስት ቀን ፈርሞ ካልመለሰ ፈተናው ይሰረዛል። ይህን የኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ደግሞ አንዴ ወድቆበታል፤ አሁን ከተሰረዘበት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ኮምፒውተር ፊት ጎብጦ የተማረው ማስተርስ ውሃ በላው ማለት ነው።

መፈረም ምን ይከብዳል? እጁ ግን አልታዘዝ አለው።

ክፍሉ የአባቱ ነበር። ፈተናው በቤት፣ በካሜራ ፊት የሚወሰድ ነው፤ ደንቡም በሩ የሚዘጋ ክፍል ይጠይቃል፤ በቤቱ ውስጥ በር ያለው ክፍል ያ ብቻ ነው። አባቱ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው፤ እናቱም ከዚያ ወዲህ ቆልፋው ነው የኖረችው። ለፈተናው ስትከፍትለት፣

«አንድ ነገር እንዳታነሳ» አለችው።

«እማዬ፣ ልፈተን ነው የገባሁት፤ ቤት ልጠርግ አይደለም።»

«አንተን አላውቅህም? አንድ እስክሪብቶ ስትፈልግ ቤት ይፈርሳል።»

አባቱ የአውቶቡስ ስምሪት ሠራተኛ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ ውጣ፣ አንተ ቁም፣ አንተ ተራህን ጠብቅ» ሲል ኖረ። ልጁ የሚማረውም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ መቶ ፕሮግራም ይሰለፋል፣ ሠሪው ግን አንድ ነው፤ ማን እንደሚቀድም የሚወስን ስምሪት ያስፈልጋል። በአርባኛው ደቂቃ ላይ ያፋጠጠው ጥያቄም ይኸው ነበር፦ አጫጭር ሥራዎች እየመጡ ሲቀድሙት፣ አንድ ረጅም ሥራ ተራ ሳይደርሰው ቀረ፤ ምን ይደረግለት? መልሱ ጠፋበት። ያኔ ከግራ ትከሻው ኋላ ያለው ወንበር ሲጢጥ አለ። የናፍጣ ሽታ መጣ። «የቆየውን ከፍ አድርገው» አለ አንድ ድምፅ፣ እንደ ጉሮሮ መጥረግ ያለ። «በቆየ ቁጥር ማዕረግ ጨምርለት፤ እሱም ሆድ አለው።»

ጻፈው። ዞሮ አላየም። ከስክሪኑ ላይ ዓይን መንቀል ክልክል ነው።

አሁን ከደብዳቤው ጋር የተላከለትን ቪዲዮ ከፈተ። የራሱ ግንባር ይታያል፤ ከኋላው ወንበሩ። ተፈታኙን በካሜራ የሚጠብቀው ማሽን ከወንበሩ በላይ፣ ሰው ቢቀመጥ ራሱ በሚደርስበት ላይ፣ ቢጫ አራት ማዕዘን አስምሯል። በመስመሩ ውስጥ ያለው ግድግዳ ነው።

«ምን ላይ ነው እንዲህ የምታፈጠው?» እናቱ ባዶውን ሳፋ ይዛ ገባች። ነገራት። ጎንበስ ብላ ዘጠኙን ሰከንድ ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ በእርጥብ ጣቷ ቢጫውን መስመር ነካችው።

«ከስቷል» አለች።

«እማዬ፣ ግድግዳ ነው እኮ!»

«ላንተ።»

«ብቻዬን ነበርኩ ብዬ ልፈርም ነው።»

«አባትህን የለም ልትል?»

«ታዲያ ለዩኒቨርሲቲ የሞተ ሰው አለ ብዬ ልጻፍ?»

«አለ በል አልወጣኝም። የለም አትበል ነው ያልኩት።»

እሱንም የያዘው ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ማንም አልረዳኝም። ይህን እንዴት አድርጎ ይፈርማል? በመጨረሻ «መፈረም አልችልም፤ እንደገና ፈትኑኝ» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ መልስ መጣ። ዓርብ ጠዋት በሌላ ጥያቄ ይፈተናል፤ ፈታኝ በቀጥታ ይመለከተዋል፤ ፈተናው ከተጀመረ በኋላ ለአንድ ሰከንድ እንኳ ሁለተኛ ሰው ከታየ ግን ነገሩ አለቀ።

ዓርብ ፈታኟ ከኮምፒውተሩ ውስጥ «ካሜራውን በክፍሉ ዙሪያ ያዙሩልኝ» አለችው። ድምፅዋ የወጣት ነው። አልጋውን፣ መደርደሪያውን፣ ወንበሩን አሳያት።

«ይቆዩ። ወንበሩ ጋ ይመለሱ።» ካሜራውን መለሰው። «እኔ ሰው አላየሁም። ማሽኑ ግን ሁለት ነው የሚለው። ሁለት እያለ ማስጀመር አልችልም። አምስት ደቂቃ እሰጥዎታለሁ።»

በሩ ተከፈተ፤ እናቱ ስታዳምጥ ኖሯል። ወደ ካሜራው ዞር እንኳ ሳትል ወንበሩ ፊት ቆመች።

«ተነስ» አለች፣ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ያሸለበ ተሳፋሪ እንደሚቀሰቅስ ሰው። «ልጁ ሥራ አለው። የሰውን ሁሉ ተራ ስታስከብር ኖረህ የልጅህን ትይዛለህ? ና፣ እኔ ጋ ትቀመጣለህ።»

«ማን ናቸው?» አለች ፈታኟ።

«እናቴ ናት።»

«ከማን ጋር ነው የሚያወሩት?»

«ከ... ከወንበሩ ጋር።»

«አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ታገሺ» አለች እናቱ ወደ ኮምፒውተሩ፣ «ጉልበቱን ያመዋል።»

ከዚያ ወጣች። በሩን ግን ለአንድ ሰው ከሚበቃው በላይ ወለል አድርጋ ከፍታ፣ አንድ ሰው ለመውጣት ከሚፈጅበት በላይ ይዛ ቆየች። ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«አንድ» አለች ፈታኟ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «ይጀምሩ።»

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ተያዘ። አርባኛው ደቂቃ መጣ፤ ሳያውቀው ግራ ጆሮውን ወደ ኋላ ሰጥቶ ጠበቀ። ወንበሩ እንጨት ነው። ሽታ የለም። ያባቱ ክፍል ባዶ መሆኑን በስምንት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አወቀ፤ ሊቀብሩት በሄዱበት ቀን እንኳ እንዲህ አላወቀውም። ጥያቄውን በገዛ ራሱ፣ አንዱን መስመር አራት ጊዜ እየሰረዘ፣ ሠራው።

ሲጨርስ «ሁለተኛ ሰው አልታየም» የሚል ጽሑፍ መጣ። የምስራች ነው። ደጋግሞ አነበበውና ኮምፒውተሩን ከደነው።

እናቱ ሳሎን፣ ረጅሙ ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ቦታ ክፍት ነው።

«ሆነልህ?»

«እማዬ፣ ሆኗል መሰለኝ!»

«ቀስ ብለህ አውራ እንጂ» አለችው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። «ገና አሁን ማሸለቡ ነው።»

ሶፋው ላይ ሊቀመጥ የነበረው ልጅ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ የቀረውንም በሹክሹክታ ነገራት።