መርዶው መጀመሪያ ሊንውድ ሄደ

«ሊንውድም ተቀምጠዋል አሉ» አለች ማንአልሞሽ፣ በርጩማ ላይ ቆማ ከመደርደሪያው ስኒ እያወረደች።

እጅጋየሁ ከፍራሹ ተነሥታ ወጥ ቤት የገባችው ስኒዎቹ የት እንዳሉ ልታሳያት ነበር። ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሣም፤ ግን ለቅሶ የደረሰው ሰው ሳሎኑን ሞልቶታል፣ ማንአልሞሽ ደግሞ ጎረቤት ብትሆንም የሰው ቤት ዕቃ አታውቅም። ሲታክ ኤርፖርት አጠገብ ከምትሠራበት ሆቴል ሁለት ቀን ኦፍ ወስዳ ነው ልታግዛት የመጣችው።

«ምን ተቀምጠዋል?»

«ለቅሶ ነዋ! እትዬ አጸደ ቤት። ትናንት ፓርኪንግ ጠፍቶ ሰው መንገድ ማዶ ፓርክ እያደረገ ነው የገባው አሉ።»

«ስንት ሰው ይሆናል?»

«ኧረ እትዬ እጅጌ፣ ይሄ ይቆጠራል?»

«ከኛ ይበልጣል?»

ማንአልሞሽ ስኒዎቹን ትሪ ላይ እየደረደረች ወሬውን ወደ ስኳር አዞረችው። ይበልጣል ማለቷ ነው።

የሞተው የእጅጋየሁ ባል ነው። ይሄ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ፤ በዚህ ሳምንት ሲያትል ውስጥ የተምታታበት ሰው ብዙ ነበርና። ቶርስተን ሀግልንድ ይባላል፤ ስዊድናዊ ነው፣ አርክቴክት፣ ሰማንያ ሰባት ዓመቱ። እህቱን ሊጠይቅ ማልሞ በሄደበት ተኝቶ በዚያው አረፈ። ልጃቸው ሚሪያም አብራው ነበረች። አባቷ ፈረንጅ ይሁን እንጂ እሷ ወጉን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ እናቷን በስልክ አላረዳችም። የእድሩን ሊቀመንበር አቶ ኡርጌሳን ኮል አደረገችና «አባቴ ቶርስተን ሞቷል፤ ለእናቴ ሰው ይዛችሁ ሄዳችሁ ንገሩልኝ» አለችው። አቶ ኡርጌሳ አድራሻ እንኳ አልጠየቀም።

«ጋሽ ቶርስተን! ቤቱንማ አውቀዋለሁ ልጄ፣ ጎረቤቴ አይደል እንዴ?»

ጎረቤቱ አልነበረም። አቶ ኡርጌሳ የሚኖረው ከሲያትል በስተሰሜን፣ ሊንውድ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ የቶርስተን አሮጌ ቮልቮ ከቤቱ አጠገብ፣ አጸደ በር ላይ ቆማ ሲያይ ኖሯል። ሽማግሌው ፈረንጅ ጥቅል ወረቀት በብብቱ ይዞ ይገባል፣ ማታ እያፏጨ ይወጣል። ታዲያ ሰው ምን ይበል? ገና ሳይነጋ አራት ሽማግሌ አስከትሎ የአጸደን በር አንኳኳ። አጸደም ሰማችና ጮኸች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ወንበር ተደረደረ፣ ውሃ በካርቶን ገባ። አንድ ሰዓት ሙሉ ከተለቀሰ በኋላ ነው አጸደ ቀና ብላ «ሚስቱስ? ሚስቱ ሰምታለች?» ያለችው። አቶ ኡርጌሳ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

አንድ ሰዓት! እጅጋየሁን ያንገበገባት ያች ሰዓት ናት። ሞትስ በሰማንያ ሰባት ዓመት አይደንቅም። ግን በዚያች ሰዓት እሷ ኖርዝጌት ሰፈር አፓርታማዋ ውስጥ አጃ እያማሰለች ሬድዮ ትሰማ ነበር። ባሏ በሌላ ሴት ቤት እየተለቀሰለት፣ እሷ አጃው እንዳያርባት ትጨነቅ ነበር። የገዛ ባሏን ሞት ሁለተኛ ሆና ሰማች።

አቶ ኡርጌሳ ከዚያን ቀን ወዲህ በየማለዳው አንድ ካርቶን ውሃ ተሸክሞ ይመጣል። የውሃው ክምር መስኮቱን ሊጋርደው ምንም አልቀረውም።

«እትዬ እጅጋየሁ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አጠፋህ፤ ያየኸውን አመንክ» ትለዋለች። ይሄ መልስ ከእርግማን ይብስበታል።

*

እሷና ቶርስተን የተዋወቁት በስልሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ አዲስ አበባ፣ አንድ የቤቶች ፕሮጀክት ቢሮ ውስጥ ነው። እሷ ታይፒስት፣ ሃያ ዓመቷ። እሱ ከስዊድን የመጣ ረዥም ሰው፣ ሜትር ከኪሱ የማይለይ። አዋሽ ዳር ለፋብሪካ ሠራተኞች ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቤት እንዲነድፍ ተሰጥቶታል። ጌጥ አይወድም። ፀሐይ፣ አየር፣ የቧንቧ ውሃ፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ፤ ለአለቃውም ለዘበኛውም አንድ ዓይነት ቤት። «ቤት የሀብታም ዕድል መሆን የለበትም» ይላል በዚያ ስብርብር ባለ አማርኛው። ሲናገር ጆሮው ይቀላል። እጅጋየሁ መጀመሪያ የወደደችው ያን ጆሮ ነው።

ንድፉን ዘርግቶ «እንዴት ነው?» ይላታል።

«ያምራል» ትለዋለች። ደግሞ ያምር ነበር፤ አልዋሸችም።

አጸደ በዚያው ቢሮ ንድፍ ገልባጭ ነበረች። እርሳሷን ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ ነው የምትውለው። አንድ ቀን ወረቀቱን ስትገለብጥ ቆመችና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሚስተር ሀግልንድ፣ እዚህ ማድ ቤት በርበሬ ቢታመስ ሕፃኑ የት ይገባል?» አለችው።

«መስኮት አለ።»

«በመስኮቱ ነፋስ ይገባል እንጂ ጭስ አይወጣም። ከወንዙ በኩል ነው የሚነፍሰው። ሄደው አይተዋል?»

እጅጋየሁ በልቧ ምን ያለች ደፋር ናት፣ ዛሬ ተባረረች አለች። አልተባረረችም። ቶርስተንም አልሰማትም፤ እንደነደፈው አሠራው። ሰዎቹ በገቡ በሁለተኛው ወር ሴቶቹ ከየቤቱ ጀርባ በቆርቆሮና በእንጨት የራሳቸውን ማድ ቤት ቀጥለው፣ የሱን ማድ ቤት የእህል ማስቀመጫ አደረጉት።

ያኔ እሱና እጅጋየሁ ከተጋቡ አንድ ዓመት አልሞላቸውም። አዋሽ ሄዶ አይቶ የመጣ ቀን፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። እጅጋየሁ አሳዘናት። «ተዋቸው፣ አላዋቂዎች ናቸው። ቤትህ ያምራል» አለችው።

አያት፣ አያትና «አመሰግናለሁ» አላት።

ቶርስተን አመሰግናለሁ የሚለው የሰጡት ነገር ሳይጠቅመው ሲቀር ነው። ይህን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶባታል። በማግስቱ ከአጸደ ጠረጴዛ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ንገሪኝ» አላት። እጅጋየሁ ታይፕ እየመታች ሰማች። አንድ መሥመር ሁለቴ ጻፈች።

አብዮቱ መጣ፤ ወደ ስዊድን ሄዱ፣ ከዚያም ወደዚህ። ቶርስተን ሲያትል የከተማ ፕላን ሠርቶ ጡረታ ወጣ። አጸደ ተረሳች፣ እፎይ። እጅጋየሁ ሠላሳ ምናምን ዓመት ያለ ተቀናቃኝ ኖረች። በኋላ የአጸደ ልጅ ዲቪ ደረሳትና እናቷን ሊንውድ አመጣቻት። በዓለም ላይ ስንት ከተማ አለ! ሊንውድ!

«ቅዳሜ ሥራ አለን» አላት ቶርስተን።

«የምን ሥራ?» አላለችም። ብትጠይቅ ቅናቷ ይታወቃል፤ ከዚያ ሞት ይሻላታል። ባቡሩ ሊንውድ ድረስ የገባ ሰሞን ግን አልቻለችም። ሻርፕ ተከናንባ፣ በሰባ አራት ዓመቷ፣ እንደ ሌባ ተሳፍራ ሄደች። ከመንገዱ ማዶ ቆማ በመስኮት አየቻቸው። ሁለት ሽበታም ራስ ጠረጴዛ ላይ አቀርቅሯል። አጸደ ጣቷን አፍንጫው ሥር እያወዛወዘች ትቆጣዋለች፤ እሱ ይስቃል። ሆዱን ይዞ ይስቃል። እጅጋየሁ እንደዚያ ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር።

ምነው ሲሳሳሙ ባገኘኋቸው፣ አለች በልቧ። እሱንስ ስሙን ታውቀዋለች፤ ይሄን ግን ምን ትበለው?

*

በአምስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በሩ ተከፈተና አጸደ ገባች። ጥቁር ነጠላ አዘቅዝቃ፣ በብብቷ ረዥም ጥቅል ይዛ፣ ብቻዋን።

አቶ ኡርጌሳ ካርቶኖቹን የሚቆጥር መስሎ ፊቱን አዞረ።

«እግዜር ያጽናሽ» አለች አጸደ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ።

«እርስዎንም ያጽናዎት» አለች እጅጋየሁ። እኩያዋን፣ የጥንት የሥራ ባልደረባዋን አንቱ አለቻት፤ ሰው ሁሉ ሰማ። «እርስዎም ሐዘንተኛ ነዎት አሉ። ቤትዎን ጥለው ለምን ደከሙ?»

«ሰዉን ዛሬ ሸኘሁት። በሩን ዘግቼ መጣሁ። አልቀመጥም ብል ማን ሰምቶኝ።»

ቡናው በፔርሙዝ መጣ፤ ስኒ ጎደለ። ማንአልሞሽ ወጥ ቤት ገብታ በርጩማዋ ላይ ስትወጣ፣ አጸደ ከተቀመጠችበት በክፍቱ በር በኩል አየቻት። ዓይኗ ከበርጩማው ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ ከመደርደሪያው ወደ እጅጋየሁ መጣ።

«ይሄ ነው ማለት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑ?» አለች እጅጋየሁ።

አጸደ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። እጅጋየሁም ለሁለተኛ ጊዜ ከፍራሹ ተነሣች፤ ያች ሴት ቤቷ ውስጥ እንደልቧ ስትዘዋወር ቁጭ ብላ ልታይ ነው? ማንአልሞሽ ሁለቱን አየችና ስኒዋን ይዛ እብስ አለች።

መደርደሪያው የቶርስተን የገዛ እጁ ሥራ ነው፤ እዚህ ቤት የገቡ ዓመት ከነጭ እንጨት ሠርቶ በራሱ ቁመት ልክ ሰቀለው። «እንዴት ነው?» አላት። «ያምራል» አለችው። ከዚያ ወዲህ ብርጭቆ በፈለገች ቁጥር በርጩማ ላይ ስትወጣ ኖራለች። ሁለት ጊዜ ወድቃለች። አንድ ጊዜ የእጇ አንጓ ተሰብሮ «በረዶ አዳልጦኝ» ብላዋለች።

አጸደ ጥቅሉን ገበታው ላይ ዘረጋችው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ምን እንደምንሠራ ጠይቀሽው እንደማታውቂ ነግሮኛል።»

«የሰው ሥራ ምን አገባኝ?»

«የአዋሽ ቤቶች ናቸው። የሚኖሩባቸው ልጆች ፎቶ በስልክ ይልኩልናል። ማን የት ቀጠለ፣ ማን የቱን ግድግዳ አፈረሰ፣ አንድ ባንድ እንነድፋለን። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም አልቀዋል።» ወረቀቶቹን ገለጠችና መጨረሻው ላይ ቆመች። «ይሄ ደግሞ ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ነው። ከመሄዱ በፊት የነበረው ቅዳሜ የሠራው።»

እጅጋየሁ መነጽሯን አጠለቀች። የራሷ ወጥ ቤት ነው። መስኮቱ፣ ምድጃው፣ መደርደሪያው። ከመደርደሪያው ሥር ትንሽ በርጩማ ተነድፏል። ጎኑ ላይ በዚያ በተንጋደደ ፊደሉ፦

«እጅጋየሁ በርጩማ ላይ ትወጣለች። እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።»

መነጽሯን አወለቀች። «ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለርስዎ ነገረዎት? ለኔ ሳይሆን ለርስዎ?!»

«ዝም ብለህ አውርደው እንጂ አልኩት፤ ስንት ጊዜ ተጣላሁት መሰለሽ! እንቢ አለ። ከአዋሽ በኋላ የሚኖርበት ሰው ሳይናገር ምስማር አልነካም ብሎ ምሏል። አንድ ቀን ትቆጣኛለች፣ እሷን ቀን እየጠበቅሁ ነው ይለኛል።» አጸደ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። «እኔ ቅዳሜን አገኘሁ። ቅዳሜም ሲመጣ ወሬው አንቺ ነሽ። እጅጋየሁ እንዲህ አለች፣ እጅጋየሁ ያን አበሰለች። ስድስቱን ቀን አንቺ ወስደሽ፣ ሰባተኛውንም አልለቀቅሽልኝም። ስቀናብሽ ኖሬአለሁ፤ ይሄው ነገርኩሽ።»

እጅጋየሁ ባሏን ሃምሳ ምናምን ዓመት «ያምራል» አለችው። ያንን ሁሉ ዘመን ሰውየው በየቀኑ የሚጠብቀው አንድ ቃል ነበር፣ እሱንም እሷ ጋ እያለ አጣው።

መደርደሪያውን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ሳሎኑ፣ ሰው ወደ ከበበው ፎቶው ዞረች።

«ከፍ ብሏል!» አለች ጮክ ብላ። «ቶርስተን፣ ከፍ ብሏል! አልደርስበትም! መቼም ደርሼበት አላውቅም! ወድቄበታለሁ! ሰምተኸኛል?!»

ሳሎን ያሉት ሴቶች ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አብረዋት ጮኹ። አቶ ኡርጌሳ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አነባ። እጅጋየሁ ከመርዶው ቀን ጀምሮ ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰችው፤ በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ አጸደ ትከሻዋን ይዛላት።

ሲወጣላት ተነሣች። ጫማዋን አወለቀች። ከመደርደሪያው ሥር ግድግዳው ላይ ተለጠፈችና ቀኝ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች።

«ምልክት አድርጊበት» አለቻት።

አጸደ እርሳሷን ከፀጉሯ አወጣች። የእጅጋየሁን እጅ እስከ ጣቷ ጫፍ አየችው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሯን አየች።

«ተረከዝሽ ተነሥቷል።»

«አልተነሣም።»

«ተነሥቷል።»

እጅጋየሁ ተረከዟን አወረደች። አጸደ መሥመሩን አሰመረች።