ሎዌል ያልተመዘነበት ሚዛን

አርዲስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። እዚህ ዊስኮንሲን በረዶ ሲከምር መንገዱና ሐይቁ አንድ ይሆናሉ፤ ያኔም ቢሆን የከተማችን እናቶች ልጆቻቸውን ለእሷ ሰጥተው ያለ ሐሳብ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሹፌርነቷ ይቀርና በተረት ጨዋታ ውስጥ ኢልቫራ የምትባል ፈረሰኛ ትሆናለች። ኢልቫራ እንዳትዋሽ፣ ደካማ ሲጠቃም አይታ እንዳታልፍ መሐላ አለባት።

የሚጫወቱት ከቨርን የተዘጋ ጫማ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ነው። ቨርን ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ በጨዋታው ሌባ ናቸው። የአርዲስ የልብ ጓደኛ ማርሊስ ደግሞ ቁስል የምትፈውስ መነኩሲት ናት። ያቺን ፈዋሽ የፈጠረቻት እናቷን በቀበረችበት ዓመት ስለሆነ በእናቷ ስም ሶልቬግ አለቻት። አጫዋቹ ሎዌል የታሪክ መምህር ነው። አገሩንም፣ ንጉሡንም፣ ጭራቁንም ፈጥሮ የሚተርከው እሱ ነው። ሌሎቹ "እንዲህ አደርጋለሁ" ይላሉ፤ ይሳካ አይሳካ የሚወስኑት ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ናቸው።

ሎዌል በፈጠረው አገር፣ በተራራ አናት ላይ ትልቅ ሚዛን ቆሟል። ባንደኛው ሳህን በጎነት፣ በሌላው ክፋት ይመዘናል። ከሁለቱ አንዱ ሳህን መሬት የነካ ቀን ፀሐይ ባለችበት ትቆማለች፤ አገሩም ያልቃል። እነአርዲስ ደግሞ ለዓመታት ክፉውን ሁሉ ሲያሸንፉ ኖረው የበጎነት ሳህን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም።

"እንግዲህ ዓለምን በስርቆቴ ያተረፍኳት እኔ ሌባው ነኛ!" ይላሉ ቨርን። "እናንተ ጻድቃን ልትጨርሷት ነበር። እስቲ አይብ አቀብሉኝ።"

ሁሉም ይስቃሉ፤ ሎዌል ግን መሳቅ ትቶ ነበር። ሁልጊዜ የሚያሸንፉ ሰዎች መሰልቸት ጀምረዋል። ማርሊስ አንዳንድ ቅዳሜ ሹራብ ይዛ መጥታ እየሠራች ነው የምትጫወተው።

በኅዳር አንድ ቀን አርዲስ በረዶ እንዳያንሸራትተው የአውቶቡሱን ጎማ በሰንሰለት ስታስር ሎዌል መጣ።

"አርዲ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ኢልቫራ ትክዳ።"

"ማንን?"

"ሁሉንም። ለጥቁሩ ንጉሥ ትደር። የከተማዋን በር ትክፈትለት።"

አርዲስ ሳቀችበት። "ሂድ ወደዚያ! ቨርንን ለምናቸው፤ እሳቸው እንኳን ለንጉሥ ለአይብም ይከዳሉ።"

"ቨርን ቢከዱማ ማን ይደነግጣል? ከአንቺ ግን ማንም አይጠብቅም። ሚዛኑ የሚመለሰው ትልቅ ነገር ሲወድቅ ነው። ከአንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም፣ አላሰብኩምም።"

"ማርሊስ ትቀየመኛለች፣ ሎዌል።"

"ጨዋታው እንዳለቀ ተነሥቼ 'እኔ ነኝ የለመንኳት' እላለሁ። እዚያው ተሳስቀን እንበላለን። ቃሌ ነው።"

አብረው ነው ያደጉት። ሎዌል ቃሌ ነው ካለ ለአርዲስ ነገሩ አለቀ።

ያን ክረምት ከባድ ሸክም ይዛ ከረመች። ቅዳሜ ስለ መሐላ ታወራለች፤ በሳምንቱ መሐል ሎዌል ስልክ ደውሎ ጥቁሩ ንጉሥ የሚልክላትን ትእዛዝ ይነግራታል። አንድ እሑድ ከማርሊስ ጋር በረዶ የሆነውን ሐይቅ በስተው ዓሣ ሲያጠምዱ ነገሩ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር።

"ምን ሆነሻል? ዓሣው እኮ ከነመንጠቆው ሄደ!" አለቻት ማርሊስ።

"ብርድ ነው" አለች አርዲስ።

የክህደቱ ቅዳሜ መጣ። ጥቁሩ ንጉሥ ከነሠራዊቱ ከተማዋን ከቧል። ማርሊስ ሹራቧን ካስቀመጠች ሰንብታለች፤ ወንበሯ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠችው። ሶልቬግ ቁስለኞቹን ይዛ በሩ ሥር ነበረች፤ ኢልቫራ በሩን ስለምትጠብቅ ከዚያ የተሻለ መሸሸጊያ የለም ብላ።

"ኢልቫራ ምን ታደርጋለች?" አለ ሎዌል።

አርዲስ ጠጠሮቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "በሩን እከፍታለሁ።"

ቨርን ሳቁ። ማርሊስም ፈገግ አለች። "በይ አትቀልጂ።"

"እከፍታለሁ። ንጉሡ ፊት እንበረከካለሁ።"

ሎዌል ጊዜ አልሰጣቸውም። ፈረሶቹ ሲገቡ፣ ቁስለኞቹ ሲረገጡ በዚያ በሚያምር ድምፁ ተረከው። ማርሊስ ሶልቬግን ለማዳን ጠጠሩን ደጋግማ ወረወረች፤ አልሆነም። መጨረሻ ላይ ሎዌል ዝግ ብሎ፣ "ሶልቬግ በሩ ሥር ሞተች" አለ።

ማርሊስ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ ለመጥረግም አልሞከረችም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለች አርዲስን እያየች።

"ከኅዳር።"

"ያን ጊዜ ሁሉ? ሐይቁ ላይ ሳለንም?"

አርዲስ ወደ ሎዌል ዞረች። እሱ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ነበር።

"ሎዌል" አለችው። "ንገራቸው እንጂ።"

ቀና ብሎ አያት። "ምኑን? መንገዱን የሚመርጡት ተጫዋቾች ናቸው፤ እኔ መዛኝ ብቻ ነኝ። የሚገርም ቀን ነበር፣ አርዲ።"

"አንተ ነህ እኮ የለመንከኝ!"

"እኔ?" አለና ልክ ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደሚያደርገው በትዕግሥት ፈገግ አለ። "ክፉ ነገር ከሠራሽ በኋላ መጨነቅ ያለ ነው።"

ማርሊስ ኮቷን አንሥታ ወጣች። ቨርን ጠጠሮቻቸውን በእጃቸው እያንቀጫቀጩ ጠረጴዛውን ያያሉ።

ሰኞ አርዲስ ልጆቹን ትምህርት ቤት አራግፋ ሎዌልን በባዶ መማሪያ ክፍሉ ውስጥ አገኘችው።

"ለምን?" አለችው።

"ልክ ነሽ፣ ቃል ሰጥቼ ነበር" አለ፤ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ አልካደም። "ግን የማርሊስን ፊት አየሽው? ስንት ዓመት ስተርክላቸው እንዲያ አልሆኑም። ታዝዛ ነው ብላቸው ያ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ደግሞም በእኔ ከተቆጡ ጨዋታ የለም፤ ባንቺ ከተቆጡ ግን አለ። የአንድ ሰው ቅሬታና የሁላችን ደስታ… መዝኚውና እይው።"

"አንተ ሁሉን ትመዝናለህ" አለች አርዲስ። "ራስህን ግን አንድ ቀን ሳህኑ ላይ አውጥተህ አታውቅም።"

ለማርሊስ ደጋግማ ነገረቻት። በስልክ ነገረቻት፤ በቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ ጥብስ ራት ላይም ሳህን ይዘው ተሰልፈው ሳለ ነገረቻት። ማርሊስ ግን ሎዌልን ጠይቃ ነበር፤ አልሰማሁም፣ አላየሁም ብሏታል።

"መክዳትሽስ ጨዋታ ነው" አለች ማርሊስ። "በሰው ማላከክሽ ነው ያስጠላኝ።" ከዚያ በኋላ ሰልፉን ትታ ወጣች።

አርዲስ ቅዳሜን ቤቷ ማሳለፍ ጀመረች። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አንድ ቀን ቨርን ከሱቃቸው ደጅ ውሃ ሲጠርጉ አገኘቻቸው።

"እርስዎም አላመኑኝም፣ ቨርን?"

ሽማግሌው መጥረጊያቸውን ተደገፉ። "አምኜሻለሁ፣ ልጄ" አሉ። "ካንቺ በፊት እኔን ነው የለመነኝ። እምቢ አልኩት።"

አርዲስ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ያን ቀን እዚያው ተቀምጠው ነበር እኮ! አንዲት ቃል!"

"አንዲት ቃል ብተነፍስ እኮ ቅዳሜ የለም። አንቺ እናትሽ አለችሽ፣ ሥራ አለሽ። እኔ ምን አለኝ? ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው የምቆጥረው።" ዓይናቸውን ሰበሩ። "ታሪኩ ይለቅና ለማርሊስ እነግራታለሁ።"

አርዲስ ጥላቸው ሄደች። ከሎዌል ይልቅ ይህኛው ነው እንቅልፍ የነሳት፤ ሎዌልስ የሚያተርፈው ነገር ነበረው፣ ቨርን ግን ደጉ ሰው ነበሩ።

በሐምሌ አርዲስ ጓሮዋ ውስጥ ቲማቲም በእንጨትና በክር ስትደግፍ የማርሊስ መኪና መጣች። ማርሊስ ወርዳ አጥሩን ያዘች።

"ቨርን መያዝ አቅቷቸው ነገሩኝ" አለች። "ሁሉንም። ይቅር በይኝ፣ አርዲ።"

አርዲስ እጇን በሱሪዋ ጠረገች። ይህን ቃል ስንት ወር ጠብቃዋለች። "ታዲያ ምን አልሽው? ሎዌልን?"

"ጮህኩበት። እሱም ይቅርታ ጠየቀ…" ማርሊስ የአጥሩን ቀለም በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። "ታውቂዋለሽ እኮ። ለጨዋታው ብሎ ነው።"

"ስለዚህ ተውሽው?"

"መጨረሻው ላይ ነን፣ አርዲ። ሶልቬግን ከሙታን መመለስ ይቻላል እያለ ነው። አሁን ጥዬ ብሄድ እናቴን… ማለቴ፣ ሶልቬግን…" ከዚያ ፊቷን አበራችው። "አንቺም ነይ። ወንበርሽ አለ ብሏል።"

"በየትኛው ወገን?" አለች አርዲስ።

ማርሊስ ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። አርዲስ ግን የምሯን ነበር፤ ሳቁ እስኪያልቅ ቆማ ጠበቀችና፣ "ሰላም በይልኝ ለቨርን" ብላ ወደ ቲማቲሟ ተመለሰች።

ማርሊስ ሰዓቷን አየች፤ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። መኪናዋ ወደ ጫማ ቤቱ አቅጣጫ ስትታጠፍ አርዲስ ከጓሮው ሆና አየቻት። ክሩን ቋጥራ ስትጨርስ የመኪናዋ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች።