ረድፍ ሰባት፣ ወንበር አሥራ ሁለት

መድረኩ ላይ ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አንገታቸው ዘንበል አለ። የያዙት ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረና አዳራሹ በአንድ አፍ "ውይ!" አለ። ረድፍ ሰባት ላይ የተቀመጠው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ብቻ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። ቀኝ እጁ ኮት ኪሱ ውስጥ ነበር።

"የቤት ሠራተኛዋ ናት የገደለቻቸው" አለች አጠገቡ ያለችው ታላቅ እህቱ። "ዓይኗን አየኸው? ቁርጥ የኛዋን!"

የኛዋ የምትላት አባታቸውን ሁለት ዓመት ያስታመመችውን ሴት ነው። አባትየው ከሞቱ ወር ሊሞላቸው ነው። ደም ማቅጠኛ ከልክ በላይ ወስደው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ ሐኪሙም ይህንኑ ጻፈ። ማታ ማታ ኪኒኑን በእጇ የምታውጣቸው አስታማሚዋ ነበረችና፣ ደግማ ሰጥታቸው ነው ተባለ። ይኸው ፖሊስ ጣቢያ ከገባች አሥራ አንድ ቀኗ። "እኔ የሰጠኋቸው የኪኒን ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ነው፣ ሳጥኑ ይምጣና ይታይ" እያለች ብትምል ማን ይስማት? ሳጥኑ የለም። ነገ ጠዋት ደግሞ እህትየው ሄዳ ቃሏን ልትሰጥ ነው።

ወንድሟን "ሐዘኑ ጎዳህ፣ ትንሽ ተንፈስ በል" ብላ ጎትታ ያመጣችው እሷው ናት። ምን እንደሚታይ እንኳ አልጠየቀችም። የግድያ ቲያትር! ሌላ ጠፍቶ!

ለእረፍት መብራቱ ሲበራ አንዲት ልጅ ቁራጭ ወረቀትና እርሳስ አደለች። የቲያትር ቤቱ ልማድ ነው፤ ተመልካቹ ገዳዩን ገምቶ የወንበሩ ቁጥር ባለበት ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ ያወቀ በመጨረሻ ይጨበጨብለታል።

እህትየው "ሠራተኛዋ" ብላ ጻፈችና አጠፈችው።

"አንተስ?"

"እኔ እንጃ።"

"ምን እንጃ አለው? መድኃኒቱን የምትሰጥ ማን ናት? እሷ! አለቀ።"

"የምትሰጠው የተሰጣትን ነው እኮ፣ እታለም።"

"ደግሞ ጠበቃ ሁንላት አሉህ! የዋህ ነህ፣ ለዚህ ነው ሰው የሚጫወትብህ።" ክንዱን ያዝ አደረገችው። "ነገ አብረኸኝ ትመጣለህ አይደል? የሷን ፊት ብቻዬን ማየት አልችልም።"

ኪሱ ውስጥ ጣቶቹ ሳጥኑን እየዳበሱ ነበር። ባለ ሰባት ክዳን ነው፣ ለየቀኑ አንድ። እሑድ እሑድ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ የሚሞላላቸው እሱ ነበር። ሙያው ነዋ፣ ማን ይጠርጥረው! የድሮው ኪኒን ባለ አምስት ሚሊግራም ስለነበር ሁለት ሁለት ይደረድር ነበር። አዲሱ ባለ አሥር ሆኖ መጣ። ማሸጊያው ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ለደንበኛ ቢሆን ሁለቴ ያነበው ነበር። ለአባቱ ሲሆን ግን እያወራ፣ እየሳቀ፣ እንደለመደው ሁለት ሁለት ደረደረ። ሦስት እሑድ። ያወቀው በቀብሩ ማግስት ማሸጊያውን ሲያነብ ነው። ሳጥኑን ከራስጌያቸው አንሥቶ ኪሱ ከተተ፤ ሊጥለው ስንቴ ወጥቶ ስንቴ ይዞት ተመለሰ። የሁለት ቀን ኪኒን አሁንም ውስጡ አለ።

እርሳሱን አነሣና "ልጁ" ብሎ ጻፈ። ምን እንደነካው እሱም አያውቅም።

ቲያትሩ ሲያልቅ መርማሪው አንድ ጥግ ቆሞ ሲያለቅስ የዋለውን የሽማግሌውን ልጅ እጁን ያዘ። ሕዝቡ ጉድ አለ። አስተዋዋቂው ማይክራፎን ይዞ ብቅ አለ።

"ከዚህ ሁሉ ሰው ያወቀው አንድ ብቻ ነው! ረድፍ ሰባት፣ ወንበር አሥራ ሁለት!"

"አንተ!" እህትየው እየሳቀች ጎኑን ጎሰመችው። "አንተ ነህ እኮ! ተነሥ እንጂ!"

አስተዋዋቂው ወርዶ ማይክራፎኑን አፉ ሥር ደቀነው። "እንዴት አወቁ ጌታዬ?"

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። አንድ ቀልድ ጣል አድርጎ መቀመጥ ይችል ነበር። ነገም ከእህቱ ጋር ጣቢያ ሄዶ፣ ከጎኗ ቆሞ፣ ወደ ቤቱ መመለስ ይችል ነበር።

"ይቅርታ፣ አሞኛል" አለና ተቀመጠ። አስተዋዋቂው ቀልዶ አለፈ፤ ሰዉም መውጣት ጀመረ። ያኔ ሳጥኑን አውጥቶ እህቱ ጭን ላይ አስቀመጠው።

ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። "ይሄ... የአባባ አይደለም እንዴ? የት አገኘኸው?"

"እኔ ጋ ነበር። የሞላሁት እኔ ነኝ እታለም። እጥፍ አድርጌ ነው የሞላሁት። እሷ ምንም አላጠፋችም።"

አንዱን ክዳን ከፈተች፣ አየች፣ ዘጋችው። ግራና ቀኝ ተገላምጣ ሳጥኑን መልሳ እጁ ውስጥ ወተፈችው።

"ክተተው" አለች በሹክሹክታ። "ማንም አላየም። በሞቴ ክተተው! አባባን አጥቻለሁ፣ አንተንም ልጣ?"

"እሷስ?"

"እሷ... እሷን ይፈቷታል። ማስረጃ የለም፣ ይፈቷታል። እኔም ነገ ምንም አላውቅም እላለሁ። ወንድሜ፣ እባክህ!"

ሲያለቅስ ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ በቀብሩ ቀን እንኳ አላለቀሰም ነበር።

ብድግ ብሎ ወጣ። ውጭ ገና ፀሐይ አልጠለቀችም። እህትየው ከኋላው "ነገ ይሁን እሺ? ቢያንስ ነገ!" እያለች ኮቱን ያዘችው። ኮቱን አውልቆ እጇ ላይ ተወላት፤ ሳጥኑን ግን ሰው ሁሉ እንዲያየው በመዳፉ ይዞ ወደ ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።